የመስቀል ወፍ ሎስ አንጀለስ ውስጥ? ያልጠበቃችሁትን ወፍ በዓይንና በጆሮ እንዴት እንደምትለዩ

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ከሎስ አንጀለስ ደወለችልኝ። በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። በዚያ ሰዓት ከውጭ የሚደወል ስልክ ያስደነግጣል፤ ልቤ እየመታ አነሳሁት።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። የመስቀል ወፍ ጓሮዬ ውስጥ አለ!»

እዚያ ቀን ነው። የምሳ ዕቃ እያጠበች በወጥ ቤቷ መስኮት እያየችው ነው የምታወራኝ። ከአገር ከወጣች 16 ዓመት ሆኗታል። ባለቤቷ «ናፍቆት ነው» አላት፣ ልጆቿ ሳቁ። እኔም «አሜሪካ ደግሞ ምን የመስቀል ወፍ አለ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንኳን አላልኩ። ወፍ በመለየት ሥራ የመጀመሪያው ስህተት ይኼ ነው፤ ሰውየው ያየውን ሳይጨርስ «እዚህ የለም» ብሎ መዝጋት። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ጅራት ብቻ አይቶ ስም ማውጣት። ሁለቱም ከዚያ በኋላ እንዳታዩ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። እዚህ የምጽፍላችሁ ያን ሌሊት የጠየቅኳትን ነው። ግቢያችሁ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ወይም ገጠር ቤተሰብ ጥየቃ ሄዳችሁ የማታውቁት ወፍ ካጋጠማችሁ ያው ጥያቄ ያገለግላል፤ ባይኖኩላር ባይኖራችሁም።

አንድ ነገር ግን በቅድሚያ። ወፉን ስታዩ እጃችሁ ወደ ስልኩ እንዳይሄድ። ስልኩ ተከፍቶ፣ ካሜራው ወጥቶ፣ ዙም ተደርጎ እስኪያልቅ ወፉ ሄዷል፤ የቀረላችሁም አንድ ብዥ ያለ ነጥብ ነው። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ጊዜ ከተረፈ ፎቶ አንሱ።

ስንት ያህላል?

«ትልቅ ነው» አለችኝ። «ክንድ ያህላል።»

«ጅራቱን ተዪው። ገላውን ብቻ ንገሪኝ።»

ዝም አለች። እያየች ነው። «ገላውማ… ድንቢጥ ነው የሚያክለው። እንዲያውም ከድንቢጥ ሳያንስ አይቀርም።»

አያችሁ? በአንድ ጥያቄ ክንድ የሚያክለው ወፍ ድንቢጥ ሆነ። ረጅም ጅራት፣ በብርድ የተነፋ ላባ፣ ቅርበት፣ ሁሉም መጠንን ያሳስታል። በሴንቲሜትር ለመገመት አትሞክሩ፤ ማንም አይችልበትም። ይልቅ ከምታውቁት ወፍ ጋር አስተያዩት። ለአዲስ አበባ ሰው አራት መለኪያ ይበቃዋል፤ ድንቢጥ፣ እርግብ፣ ቁራና ቆሻሻ ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊት። «ከድንቢጥ ይበልጣል፣ ከእርግብ ያንሳል» ካላችሁ ከ850 በላይ ከሚሆኑት የአገራችን የወፍ ዓይነቶች እጅግ ብዙውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስወገዳችሁ ማለት ነው። ወፉ ብቻውን ከሆነ ደግሞ ያረፈበትን ነገር ልብ በሉ። ከቅጠሉ አንጻር፣ ከአጥሩ ጣውላ ስፋት አንጻር። ሲሄድ ቦታውን ቀርባችሁ ትለኩታላችሁ።

ምንቃሩ

እኔን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ ብትሉኝ ምንቃሩን እጠይቃለሁ። ቀለም በብርሃን ይለዋወጣል፣ ጅራት ይረግፋል፣ ምንቃር ግን ወፏ ምን እየበላች እንደምትኖር ይነግራል፤ ኑሮዋን ካወቃችሁ ደግሞ ዘመዶቿን አወቃችሁ።

አጭርና ወፍራም፣ እንደ ድንቢጥ ሾጠጥ ያለ ከሆነ ጥሬ የሚፈለፍል ነው። ቀጭን፣ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ አበባ ውስጥ ገብቶ የሚቀስም ነው። ሥሩ ላይ ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ ከሆነ ዝንብና ነፍሳት በአየር ላይ የሚቀልብ ነው። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ሥጋ የሚቦጭቅ ነው፤ በቀቀንም እንዲሁ የታጠፈ አለው፣ ግን አጭርና ድቡልቡል ነው።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም በአዲስ አበባ ግቢ ላሳያችሁ። ረጅም ጅራት ያለው ወፍ አየሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ነው ያየው። እሬት አበባ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀስመው፣ ከሩቅ ጥቁር፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ የሚሆነው ወፍ ተከዜ ሰንበርድ ይባላል፤ ስሙ ከተከዜ ወንዝ ነው የተወሰደው፤ ምንቃሩ ቀጭንና የታጠፈ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ቡናማ ቀይ ሪባን የመሰለ ጅራት እየጎተተ ነፍሳት የሚይዘው ፓራዳይዝ ፍላይካቸር ነው፤ እሱ ሰፊ ምንቃር አለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት አለ። በመንጋ ሆነው ፍሬ ላይ የሚረባረቡት፣ ጅራታቸው እንደ ሸምበቆ ደረቅ ያለ፣ ቡኒዎቹ ደግሞ ማውስበርድ ናቸው። ጅራቱን ብቻ የቆጠረ ሦስቱንም «የመስቀል ወፍ» ብሎ ያልፋል። ምንቃራቸውን ያየ ግን አንዱንም አይልም።

«ምንቃሩስ?» አልኳት።

«ቀይ! ሊፕስቲክ የተቀባ ነው የሚመስለው።»

«ቅርጹን ነው የምጠይቅሽ።»

«አጭር ነው። ወፈር ያለ። እንደ ድንቢጥ።»

ልቤ መምታት ጀመረ፤ አሁን ግን በድንጋጤ አይደለም።

ምን እየሠራ ነው?

ሰው ስለ ወፍ ሲያወራ ቀለሟን ያወራል። ምን ስትሠራ እንደነበር የሚናገር ጥቂት ነው። እኔ ግን ስንት ጊዜ ፀሐይ ፊት ለፊት ሆና ጥላዋን ብቻ ያየኋትን ወፍ በአካሄዷ አውቄያታለሁ። ትዘላለች ወይስ ትራመዳለች? ጅራቷን ታወዛውዛለች? ግንድ ላይ ቀጥ ብላ ትወጣለች? በረራዋ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ከፍ ዝቅ ይላል? ብቻዋን ናት ወይስ ከመንጋ ጋር? መሬት፣ ቁጥቋጦ፣ የዛፍ ጫፍ፣ የመብራት ሽቦ፣ የት ነው የምታዘወትረው?

የአክስቴ ልጅ ጓሮዋ ውስጥ ለወፍ ጥሬ ታስቀምጣለች። «ይኼ ደቃቃ» አለችኝ፣ «እርግቦቹን ሁሉ እያባረረ ነው። እሱን አምስት እጥፍ የሚያክሉትን! ደግሞ አንዲት ቡኒ ወፍ አለች፣ እሷ ፊት አየር ላይ ቆሞ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ጅራቱ ይውለበለባል። ይጨፍርላታል በለው።»

እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ወፍ ብዙ አይደለም።

ቀለም መጨረሻ ላይ

«ቢጫ ወፍ አየሁ» ብቻ ካላችሁኝ ልረዳችሁ አልችልም። ቢጫው የት ላይ ነው? አናቱ፣ ቅንድቡ፣ ጉሮሮው፣ ደረቱ፣ ትከሻው፣ ወገቡ ላይ? ወፍን ስትገልጹ እንደ ልብስ ሰፊ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ቁራን ውሰዱ። ሁሉም ጥቁር ነው የምንለው የደጋው ትልቁ ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ምንቃሩም እንደ መጥረቢያ ወፍራም ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም አይኖርም። ስንቶቻችን ነን በየቀኑ እያየነው ያን ነጭ ያላስተዋልነው?

ብርሃኑንም እዩ። ወፉ ከኋላው ፀሐይ ካለ ሁሉም ነገር ጥቁር ነው፤ ከቻላችሁ ዞራችሁ ፀሐዩን ከጀርባችሁ አድርጉት። ጠዋትና ማታ ደግሞ ብርቱካናማ ብርሃን ነጩን ቢጫ ያስመስለዋል።

እሷ እንዲህ ስትል ዘረዘረችልኝ፤ «አናቱ ጥቁር። ጉንጩና ሆዱ ነጭ። ነጩ ወደ አንገቱ ዞሮ ቀለበት ሠርቷል። ጀርባው ጥቁር፣ ክንፉ ላይ ነጭ ምልክት አለ። ጅራቱ ቀጫጭን ጥቁር ክር ነው፣ አራት ይመስለኛል።»

አራት ነው። ፒን ቴይልድ ዋይዳ የሚባለው ወፍ ነው፣ ወንዱ። ገላው 12 ወይም 13 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያ አልፎ የሚረዝመው ጅራቱ ወደ 20 ሴንቲሜትር ይጠጋል። አገራችን ውስጥ በክረምትና በመስከረም አጥርና ሣር ላይ እያያችሁት ያደጋችሁት ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብኝ። «የመስቀል ወፍ» አንድ ወፍ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ስሙን የሰጠው በመስከረም ለሚታየው ጌጠኛ ወፍ ነው፤ ያ ጌጠኛ ወፍ ደግሞ እንደየአገሩ ይለያያል። አንዱ ጅራተ ረጅሙን ዋይዳ ያሳያችኋል። ሌላው በደጋ ሣር መሀል የሚታየውን፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ደማቅ ቢጫ የሆነውን፣ «የሎው ቢሾፕ» የሚባለውን። በስምጥ ሸለቆ ማሽላ ዳር ያደገ ሰው ደግሞ ቀዩን ቢሾፕ ነው የሚያውቀው፤ እሳት የመሰለ ቀይ ብርቱካናማ፣ ሆዱና አናቱ ጥቁር፣ ሴት ፊት ላባውን ነፍቶ እንደ ትልቅ ንብ እያንቧቧ የሚበር። በደጋ ተዳፋት ላይ አናቱና አንገቱ ቀይ፣ ጅራቱ ረጅም ጥቁር የሆነም አለ። ስለዚህ አንድ አዛውንት «የመስቀል ወፍ ናት» ቢሏችሁ ተሳስተዋል አትበሉ። «እንዴት ያለች ናት፣ እማማ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአገሬው ስም የት፣ መቼና ምን ስትሠራ እንደምትታይ የያዘ መረጃ ነው።

ጆሮ

አሁን ወደምወደው ነገር ደረስን። በአገራችን ለምለም ግቢና ጫካ ውስጥ አሥር ወፍ ከሰማችሁ የምታዩት ሦስቱን ነው። ድምፅ ያልለየ ሰው ሰባቱን አጥቷል።

እኛ ደግሞ አንድ ሀብት አለን፤ ፊደላችን። የወፍ ድምፅ ለመጻፍ እንደ ፊደላችን የተመቸ አላየሁም። «ጭር» እና «ጪር» ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ «ጲ» እና «ፒ»ም እንዲሁ። የሰማችሁትን ወዲያው በፊደል ጻፉት። ትክክል መሆን የለበትም። ለእናንተ የሚያስታውስ ይሁን። እኔ የዋይዳውን ድምፅ «ጢስ፣ ጢስ፣ ጥዊ-ጢስ» ብዬ ነው የያዝኩት፤ ቀጭን፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ ዘይት የራበው የበር ማጠፊያ የሚመስል።

ስትሰሙ አራት ነገር ያዙ። ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ስንት ጊዜ ይደጋገማል? ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል ወይስ ባለበት ይቆያል? ፉጨት፣ ጭርጭርታ፣ ጩኸት ወይስ ምት ነው? ከዚያ ደግሞ ከየት እንደመጣ። ሁለት እጃችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ እንደ ጽዋ አድርጋችሁ ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ድምፁ የሚጎላበት አቅጣጫ ነው ወፉ ያለበት። አፋችሁን ትንሽ ከፈት ማድረግም ይረዳል፣ የራሳችሁ ትንፋሽ ይቀንሳል።

መነሻ የሚሆኗችሁን ድምፆች እነሆ።

አዲስ አበባ ውስጥ ንጋት ላይ ጣሪያችሁን አልፎ «ሃ-ሃ-ሃ-ሃ!» እያለ የሚጮኸውን መንጋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስንቱን ሰው ከእንቅልፉ የቀሰቀሰ ነው። ትልቅ፣ ጥቁር መሳይ፣ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጉሮሮው ላይ ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልበት ወፍ ነው። ዋትልድ አይቢስ ይሉታል። እሱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ነው፤ የውጭ ሰዎች እሱን ለማየት በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ ለእኛ ደግሞ የጠዋት ደወላችን ነው።

በዝናብ ወራት ሦስት ድምፅ፣ አንዱ ከአንዱ ዝቅ እያለ፣ «ዊ-ዊ-ዎ»፣ «ዊ-ዊ-ዎ»፣ ያለ ድካም ሲደጋገም ከሰማችሁ ሬድ ቼስትድ ኩኩ ነው። ለማየት አትልፉ። ዛፉ ሥር ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነቱን በጆሮ ብቻ «አገኘሁት» ማለት ሙሉ በሙሉ ይፈቀዳል።

ሌሊት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጥላ ካለው ትልቅ ዛፍ ውስጥ «ሁ… ሁሁ… ሁሁ… ሁ» የሚል ለስላሳ፣ ምት ያለው ድምፅ የጉጉት ነው። ጉጉት ስትጮህ ሰው ይሞታል እየተባለ ያደግን ብዙ ነን። እባካችሁ ድንጋይ አትወርውሩባት። አይጥና ነፍሳት እያደነች ነው፤ የምትጮኸውም ጎረቤት ጉጉት ድንበሯን እንድታውቅላት ነው። ስስ፣ ረዘም ያለ ፉጨት ከሆነ የምትሰሙት ደግሞ፣ ቀን ቀን መሬት ላይ ደረቅ ቅጠል መስላ የምትተኛው፣ ሌሊት እየበረረች ነፍሳት የምትይዘው ናይትጃር ልትሆን ትችላለች። የደጋዋ ዓይነት አዲስ አበባ ውስጥም አለች።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ከሰማይ፣ በጣም ከላይ፣ «ፕሩ… ፕሩ…» የሚል ክብ ክብ ድምፅ ከመጣ ቀና በሉ። ንብና ተርብ በአየር ላይ እየቀለቡ የሚበሉት ባለ ብዙ ቀለም ወፎች፣ ቢ ኢተር የሚባሉት፣ ከአውሮፓና ከእስያ እየወረዱ ነው። ብዙ ጊዜ ድምፃቸው ቀድሞ ይደርሳል፤ ዓይናችሁ ነጥብ ፈልጎ እስኪያገኝ ግማሹ መንጋ አልፏል።

ድምፁን መቅዳት ከቻላችሁ ቅዱ። የስልክ መቅጃ ይበቃል። ነፋሱን ጀርባችሁን ስጡት፣ አትነጋገሩ፣ አትራመዱ፣ 30 ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ ያዙ። መጨረሻ ላይ በራሳችሁ ድምፅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ተናገሩ፤ ከወር በኋላ «ይኼ የት ነበር?» ብላችሁ አትቸገሩም። ለሰው ስትልኩ በቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ አትቅዱት፤ የተቀዳውን ፋይል እንዳለ ላኩት፤ ስስ ድምፆች ሲጨመቁ ይጠፋሉ።

የአክስቴ ልጅ ስልኳን በመስኮት አወጣችና ዝም አልን። መጀመሪያ የመኪና ድምፅ፣ ከዚያ የሆነ ውሻ። ከዚያ «ጢስ፣ ጢስ፣ ጥዊ-ጢስ»። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በጨለማ አዳመጥኩት። አያታችን ቤት አጥሩ ላይ የሚቆመው ነበር፤ ራሱ ነበር።

«እዚህ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ

ቦታና ጊዜ ማየት ግድ ነው፤ ግን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ምስክር አድምጧቸው። ከፍታውን እወቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የቆላ ወፍ እንጦጦ ላይ አየሁ ካላችሁ ምንቃሩን ሁለት ጊዜ ጠይቁ። ወሩን እወቁ። በመስከረም የሚገቡት የሩቅ አገር ወፎች እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ ሊቆዩ ስለሚችሉ ጥር ላይ ያያችሁት እንግዳ ወፍ እንግዳ ሳይሆን ክረምት የሸሸ አውሮፓዊ ይሆናል። ሁልጊዜም መጀመሪያ የተለመደውን ወፍ ሞክሩ፤ ካልሆነ ብቻ ወደ ብርቅዬው እለፉ።

ሦስተኛው ጥያቄ «ከሰው እጅ ያመለጠ ቢሆንስ?» ነው። እዚህ ላይ በሁለቱም በኩል እንሳሳታለን። አዲስ አበባ ውስጥ አረንጓዴ ትናንሽ በቀቀኖች ጥርት ባለ ጩኸት ሲያልፉ ብዙ ሰው «ከሆነ ኤምባሲ ያመለጡ ናቸው» ይላል። አይደሉም። ብላክ ዊንግድ ላቭበርድ ናቸው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ልጆች፣ ከጽድና ከሾላ ጋር አብረው የኖሩ። ወንዱን ግንባሩ ላይ ባለው ቀይ ትለዩታላችሁ።

ሎስ አንጀለስ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እዚያ ዋይዳው በእርግጥም ከሰው እጅ ያመለጠ ዘር ነው። ከአፍሪካ በሽቦ ቤት ተዘግተው ለሽያጭ ከሄዱት ወፎች ያመለጡት በደቡብ ካሊፎርኒያ መራባት ጀምረዋል። የሚገርመው አረባባቸው ነው። ዋይዳ የራሷን ጎጆ አትሠራም። አገር ቤት እንቁላሏን የምትጥለው ዋክስቢል በሚባሉ ደቃቅ ወፎች ጎጆ ውስጥ ነው፤ እነሱ ናቸው ጫጩቷን የሚያሳድጉላት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ሥራ የያዘችው ከእስያ በሽቦ ቤት ተዘግታ የመጣች፣ እሷም ያመለጠች፣ ሙኒያ የምትባል ወፍ ናት። ከሁለት አህጉር የመጡ ሁለት ስደተኞች በሦስተኛ አህጉር ተገናኙ። ቀዩ ቢሾፕም እዚያው አካባቢ አለ።

ይህን ስነግራት የአክስቴ ልጅ ለትንሽ ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ ባለቤቷን ስትጠራው ሰማሁ። «ና ስማ! ናፍቆት አይደለም፤ እውነት ነው!»

ስልክና ሰው

መርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ላቦራቶሪ ነው የሠራው። የት፣ መቼ፣ ስንት ያህላል፣ ምን ቀለም፣ ምን እየሠራ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ከዚያ እጩዎችን ያቀርባል። የአካባቢያችሁን የወፍ ዝርዝር ቤት ሳላችሁ ካወረዳችሁት ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ድምፅ ሰምቶ ስም የሚናገርበት ክፍልም አለው። ለአሜሪካና ለአውሮፓ ወፎች በጣም ጎበዝ ነው፤ ለእኛ ወፎች ግን ገና ሁሉንም አያውቅም፤ ስለዚህ የሚሰጣችሁን ስም እንደ ጥቆማ ብቻ ያዙት። እኔ ሁልጊዜ የማመሳክረው ዜኖ ካንቶ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ከዓለም ዙሪያ ሰዎች የቀዷቸው የወፍ ድምፆች በነፃ የሚደመጡበት ነው። ከኢትዮጵያ የተቀዳውን መርጣችሁ ስሙ፤ የሌላ አገሩ ትንሽ ሊለይ ይችላል።

አንድ ልመና። ያወረዳችሁትን ድምፅ ወፉ ፊት በስፒከር ደጋግማችሁ አታጫውቱ። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት ይመስለዋል፤ መብሉን ትቶ፣ ጎጆውን ትቶ የሌለ ጠላት ሲፈልግ ይውላል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ጎጆ ካያችሁም ለፎቶ አትጠጉ።

ሰውም አለ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ወፍ የሚያውቁ ሰዎች እዚያ ታገኛላችሁ። ለማንም ስትጠይቁ ግን «ይህች ወፍ ማን ናት?» ብላችሁ ፎቶ ብቻ አትላኩ። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ ጠባይ፣ ድምፅ ጨምሩበት። የምትጠራጠሩትንም ጻፉ። «ጅራቱን በደንብ አላየሁም» የምትል አንዲት ሐቀኛ ዓረፍተ ነገር አሥር ፎቶ ታስንቃለች።

ቡኒዎቹ

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ፤ እኔም ካወቅኩ ጀምሮ የመስቀል ወፍን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ለጠፋ ሰው «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» እንላለን። አባባሉ ያምራል፤ ወፉ ግን የትም አልሄደም ነበር። ዋይዳውም ቢሾፖቹም ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ናቸው። ወንዱ ያን ጌጥ የሚለብሰው ለመራቢያ ጊዜው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ፣ ሣር ሲያፈራ፣ ለጫጩት ምግብ ሲኖር። በጋ ሲገባ ጥቁሩና ቀዩ ይረግፋል፣ ረጅሙ ጅራት ይወድቃል፣ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡኒ፣ ዝንጉርጉር፣ ድንቢጥ መሳይ ሆኖ ከመንጋው ጋር ይቀላቀላል። ኅዳር ላይ ከአውድማ ዳር ብር ብሎ የሚነሳው «ተራ ወፍ» መሀል መስከረም ላይ ያደነቅነው አለ።

ስለዚህ ቡኒ ወፍ ስታዩ ቶሎ አትለፉ። የሎው ቢሾፕ ወንዱ በበጋም ወገቡ ላይ ያለውን ቢጫ አይጥለውም፤ ቆሞ አይታይም፣ ሲበር ግን ብልጭ ይላል። የዋይዳ ወንድ ደግሞ ቀይ ምንቃሩን አይለውጥም። ፊቱ ላይ ጥቁር መሳይ መስመሮች አሉት። የቀሩትን ግን፣ በተለይ የቢሾፕ ሴቶችን፣ ብዙ የለመዱ ሰዎችም ይቸገሩባቸዋል። ማስታወሻችሁ ላይ «ያልታወቀች ቡኒ፣ ድንቢጥ የምታክል» ብላችሁ መጻፍ ምንም ነውር የለውም። በግምት ከተጻፈ ስም ይሻላል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ የአክስቴ ልጅ እንደገና ደወለች፤ በዚህ ጊዜ እንኳን ሰዓት ጠብቃ። ድምፅዋ ቅር ያለው ነው። «ሄደ» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት ሆነው። ጥሬውን እያስቀመጥኩ ነው፣ የሚመጡት ድንቢጦች ብቻ ናቸው።»

«ድንቢጦቹን አንድ በአንድ እያቸው» አልኳት። «ምንቃራቸውን ብቻ።»

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ስከፍት አንድ ፎቶ ጠበቀኝ። ብዥ ያለ ነው፣ በመስኮት መስታወት ነው የተነሳው። ስድስት ቡኒ ወፎች የጥሬው ሰሃን ዙሪያ ሰፍረዋል። ከሥሩ ምንም አልጻፈችም፤ አንደኛዋን ወፍ ብቻ በጣቷ ከባለች። ደቃቃ፣ ጅራቷ አጭር፣ ዝንጉርጉር። ምንቃሯ ቀይ።